ያላነበብኩልህ ሦስት መስመር

ጋሼ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ካውያህም ደህና ነው፤ ገመዱን ግን አንተ እንደምትጠመልለው መጠምለል አቃተኝና በክር አሰርኩት። ብታየው «ይሄ ካውያ ነው የታሰረ በግ?» ትለኝ ነበር።

እትዬ፣ የእማ የአጎት ልጅ፣ የላኩልንን ደብዳቤዎች ያጠራቀምክበትን የሸሚዝ ካርቶን ከአልጋህ ሥር አወጣሁት። ሁሉም ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። እትዬ ወረቀቱን ስምንት ቦታ አጣጥፈው ነው ፖስታ ውስጥ የሚከቱት፤ አንተ ደግሞ ደብዳቤ ሳይተኮስ አይነበብም ባይ ነህ። የካውያውን ሙቀት ትቀንስና መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ጀርባውን ትተኩሰዋለህ። ከዚያ «በል ፕሮፌሰር፣ አንብብ፤ የተጨማደደ ወሬ አልወድም» ትለኛለህ። እኔ አነባለሁ፣ አንተ የእኔን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለህ። ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ፊት፣ መጨረሻ ላይ ጀርባ። «ጀርባውን ማንም አያየውም ብለህ እንዳትዘለው፤ ሰው የሚታማው ከጀርባው ነው» ትል ነበር።

ስልክ እያለን ለምን ደብዳቤ ሲሉህ «ስልክ ሲዘጋ ወሬውም አብሮ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ኪስ ይገባል» ብለህ ትመልሳለህ። የእትዬ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ንባቡን ለእኔ ትተኸዋል። ብትፈልግ ግን ታነበው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ተምረሃል። እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

ደብዳቤዎቹን በቀናቸው አስተካክዬ እዚህ ደብተር ላይ ገለበጥኳቸው። የእኛንም ጨምሬያለሁ፤ አንተ እየተናገርክ የጻፍኳቸውን ረቂቆች አልጣልኳቸውም ነበር። ዛሬ ሁሉንም አነብልሃለሁ። ምንም አልዘልም።

—

ጥቅምት 4

ለሁለቱ ልጆቼ፣

ጤናችሁን ጠይቄ አልጠግብም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ነገሬ ደህና ነው፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያኮርፈው። ፈጣሪ ሁለታችሁን አንዱን ለሌላው ያቆይልኝ።

ትልቁ፣ ሥራዎ ምንድን ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። የምውለው ከአይጦች ጋር ነው። ሳቅ! እናታችሁ ብትኖር «አይጥ አይታ ወንበር ላይ የምትወጣው የአጎቴ ልጅ!» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ሁለት መቶ ናቸው፤ ሁሉም ወጣቶች፣ በአይጥ ዕድሜ ሲሰላ የእናንተ እኩዮች። በየቀኑ የተወሰነ ሰዓት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ይቆያሉ። አያማቸውም፤ ግን ዞር ማለት አይችሉም። ጭንቀት መጥቶ ካላለፈ፣ ለሳምንታት ከከረመ፣ በልጅነትና በአዋቂነት መካከል ያለ አንጎል ምን ይሆናል? ጥናቱ ይህን ለማወቅ ነው።

አንዱን፣ ጆሮው የተቀደደውን፣ ሻለቃ ብዬዋለሁ። ከቱቦ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚራመደው።

ትንሹ፣ በትምህርትህ በርታ። ወንድምህን ታዘዝ።

እትዬ ነኝ

—

ጥቅምት 28

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ታረቀዎት? የምጽፈው እኔ ትንሹ ነኝ፤ የሚናገረው ጋሼ ነው። አሁን የሸሚዜን እጅጌ እየተኮሰ «ሰላምታውን አብዛው፤ ትልቅ ሰው ናቸው» አለኝ። እንግዲህ በጣም፣ በጣም፣ በጣም እንደምን ነዎት?

ጋሼ እንዲህ ይላል። «ሻለቃን ሰላም በሉልኝ። እኔም ቱቦ ውስጥ ነኝ። የላውንደሪያችን መተኮሻ ክፍል ክንዴን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ይነካል።» (ይህን አትጻፍ ብሎኝ ነበር። ጽፌዋለሁ።)

«እማ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ያኔ እኔ አሥራ አምስት፣ ትንሹ አሥራ ሁለት ነበርን። ከዚያ ወዲህ ሳልጨነቅ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ትንሹ ይታመምብኝ ይሆን? ትምህርቱን ይተው ይሆን? ዘመድ መጥቶ ይወስደው ይሆን? አሁን አሁን እረሳለሁ። በቀደም የአንድ ሙሽራ ሱሪ ተኩሼ ሰቀልኩና መልሼ አውርጄ ተኮስኩት። ሦስተኛ ልደግም ስል ሳሙና ነው ከእጄ የቀማኝ።» (ሳሙና የምንለው የላውንደሪው አጣቢ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ግን ሽማግሌ ሲሉት ውሃ ይረጫል።)

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሆስፒታሉ አንሶላ የሚተኩስለት ሰው ለከሰዓት ይፈልጋል። እኔ ከገባሁ ትንሹ ከትምህርት መልስ እኛ ላውንደሪ መሥራቱ ይቀርና የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ክበብ ውስጥ ይገባል። እንደ እርስዎ እንዲሆንልኝ ነው። ግን ጭንቅላቴ ይችለው ይሆን? እርስዎ የአንጎል ዶክተር ነዎት። ግባ ካሉኝ እገባለሁ፤ ተው ካሉኝ እተዋለሁ።»

ከታች ያለው ሥዕል ካውያ ነው። ጋሼ ሲፈርም እንደዚህ ነው። ጀልባ እንዳይመስልዎት።

ልጆችዎ

—

ዶክተር መሆናቸውን ማን ነገረን ጋሼ? ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶግራፍ ነው። ነጭ ጋወን ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ከኋላቸው ጠርሙስ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የአንጎል ዶክተር ዘመድ አለችን» ስትል የሰፈሩ ሰው አመነ። ከዚያ እኛም የሰፈሩን ሰው አመንን።

—

ታኅሣሥ 2

ለሁለቱ ልጆቼ፣

ብርዱ እጄን ስላኮማተረው ጽሑፌን ታገሱት። ጤና፣ ሰላምና ሳቅ ለቤታችሁ።

ትልቁ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። የምነግርህ ደስ የሚል ነገር ነው። ሰሞኑን አለቃዬ ሰብስበው ጥናቱን አስረዱን። ቱቦ ውስጥ የከረሙትን ወጣት አይጦች በሁለት ከፍለዋቸው ነበር። በአንደኞቹ ሰውነት በጉርምስና ጊዜ የሚመነጨው ሆርሞን እንዳለ ተትቷል፤ በሁለተኞቹ ታግዷል። ሆርሞን ማለት ደም ውስጥ የሚሮጥ መልእክተኛ በለው። ድምፅህን ያጎረነነውም፣ ጢምህን ያበቀለውም እሱ ነው። ከዚያ ሁሉንም መውጫው የተደበቀ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። ሆርሞኑ ያላቸው፣ ያ ሁሉ ጭንቀት አልፎባቸው እንኳ፣ መውጫውን አስታውሰው ይወጣሉ። የታገደባቸው ግን ትናንት የወጡበትን በር ዛሬ ይረሱታል። ስለዚህ ይህ ሆርሞን ወጣት አንጎልን ከከረመ ጭንቀት ይከላከልለት ይሆናል አሉን። ሻለቃ በሩን ከሚያገኙት ነው፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ጭንቅላትህ አልተበላሸም ልጄ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ጋሻህ ደምህ ውስጥ ነው።

—

የገጹ ፊት እዚህ ያልቃል፣ ጋሼ።

ይህን ስትሰማ ምን እንዳደረግህ ታስታውሳለህ። ካውያውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገህ «ጋሻ በደሜ!» እያልክ ክፍሏን ዞርካት። ሳሙና ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ጢምህን አይቻታለሁ» አለህ፣ «አምስት ፍሬ ናት። ጋሻውም እንደ ጢምህ ከሆነ ጦር ያሳልፋል።»

«ሰባት ናት! ሁለቱ ዛሬ ጠዋት ነው የበቀሉት» አልከው።

እናንተ ስትሳሳቁ እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ነበር። ማንበብ የለመደ ዓይን ሳያነብ ማየት አይችልም። ከጀርባው ሦስት መስመር አለ። የሆስፒታሉን ሥራ አትቀበል ይላሉ። ምክንያቱንም ጽፈዋል። የእኔን ክበብ በተመለከተም ይቆየው ብለዋል።

የክበቡ መምህር በማግሥቱ ስም ሊመዘግቡ ነበር። አዲስ ማይክሮስኮፕ መጥቶ ገና ከነላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ።

አንተ ሸሚዜን እየሰቀልክ «ጀርባው ላይ ምን አለ?» አልከኝ። ስትተኩሰው ጽሑፉን አይተኸዋል።

«ሰላምታ ነው» አልኩህ። «የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እየጠሩ ሰላም በሉልኝ ብለዋል።»

«ሰላምታ ከሆነማ አድርስላቸው» አልከኝ።

—

ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ እትዬ፣

ብርዱ ይለፍልዎት፤ እጅዎ ይሙቅ። ጋሼ ዛሬ የሚናገረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሸሚዝህን ራስህ ተኩስ ብሎኝ እኔ እምቢ አልኩት፤ ነገ ይተኩስልኛል።

«በሰጡኝ ምክር ሆስፒታሉ ገብቻለሁ። ጠዋት ላውንደሪ፣ ከሰዓት አንሶላ። አንሶላ መተኮስ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የለውም፣ ኩራት የለውም፣ ዝም ብሎ ሜዳ ነው። ማሽኑ ትልቅ ነው፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይይዛል። አሁን አልፈራም። ስጨነቅ ጋሻዬን አስበዋለሁ። ትንሹ ክበቡ ውስጥ ገብቷል፤ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ መጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት አላስከትፍም አለን። ሻለቃስ እንዴት ነው?»

ልጆችዎ

—

ረቂቁን ዛሬ ሳየው የፈረምክበት ካውያ ጎኑ ላይ ወድቋል። ያኔ ቸኩለህ የሳልከው መስሎኝ ነበር።

መልስ ሳይመጣ ሁለት ወር አለፈ። አንተ «ፖስታ ቤቱ ነው» አልክ። እኔ ግን ደብዳቤ እንዳይመጣ እፈልግ ነበር።

—

የካቲት 25

ለሁለቱ ልጆቼ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሻለቃ ደህና ነው። ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ትልቁ እንቅልፍ ይተኛል? ይህን ብቻ ጻፍልኝ ትንሹ።

እትዬ ነኝ

—

«ይተኛል ብለህ ጻፍላቸው» አልከኝ። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አቆየሁት። ከዚያ የጻፍኩት ሌላ ነው።

—

ሚያዝያ 3

ለተከበሩ እትዬ፣

ፈጣሪ ጤናና ጽናት ይስጥዎት። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ተቀምጠው ያንብቡት።

ወንድሜ መጋቢት 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቶናል። ሆስፒታሉ ውስጥ፣ የአንሶላ ማሽኑ አጠገብ እንደቆመ ነው የወደቀው። ሌላኛውን ጫፍ የያዘችው ሴት «አንሶላው ከበደኝ፤ ቀና ስል የለም» አለችኝ። ሐኪሞቹ ላይ ታች ብለው ነበር። ልቡ ላይ ከልደቱ ጀምሮ ያልታወቀ ጉድለት ነበረበት አሉን።

በሥርዓቱ ተቀብሯል። ሳሙና እኔ ጋ እያደረ ነው። ብቻዬን ሊተወኝ አልፈለገም። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ልጅዎ

—

ሚያዝያ 24

ለልጄ፣

ምን ብዬ ልጀምር? ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። እናትህን ሳልቀብር ቀረሁ፣ ወንድምህንም ሳልቀብር ቀረሁ። ፈጣሪ ያጽናህ፤ ነፍሱን በደግ ቦታ ያኑርልን።

ምን ልላክልህ? መጽሐፍ? ጫማ? የእግርህን ቁጥር ጻፍልኝ። ማይክሮስኮፕ የራስህ ቢኖርህ ደስ ይልሃል? በቀላሉ የምትገዛ ትንሽ አለች። ወይ እኔ ልምጣ? ፈቃድ ልጠይቅ?

ያችን የታኅሣሥ ደብዳቤዬን አስቀምጣችኋታል?

እትዬ ነኝ

—

ያችን ጥያቄ ሳነብ ሳሙና ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። «ምን አሉ?» ሲለኝ «የጫማ ቁጥሬን ጠየቁኝ» አልኩት። የወረቀት ጀርባ ከሰው መደበቅ መልመድ እንዴት ቀላል ነው ጋሼ።

—

ግንቦት 9

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጫማ አልፈልግም። ማይክሮስኮፕም አይላኩልኝ፤ እለምንዎታለሁ።

የታኅሣሥ ደብዳቤዎ አለ። ጋሼ እንደተኮሰው ቀጥ ብሎ አለ። የገጹን ጀርባ አላነበብኩለትም። ሲጠይቀኝ ሰላምታ ነው አልኩት። ግባ ካሉኝ እገባለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ ብሎዎት ነበር፤ እርስዎ ተው ብለዋል፤ እኔ ሰውሬ አስቀረሁት። ክበቡ ውስጥ ለመግባት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ትንሽ ልጅ ነበርኩ እንዳልል ጊዜው ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሆርሞኑ ጋሻ እኔም ዘንድ አለ? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የጋሼ ጭንቀት እኔም ቤት ውስጥ ነበር። አላለቅስም። ፈተና ተፈትኜ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። የክፍሌ ልጆች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ እኔ ግን የሚያስረዳውን መምህር እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ምንም አልረሳሁም። እነዚያን ሦስት መስመሮች ከነነጥባቸው በቃሌ እላቸዋለሁ። በሩን የሚረሱት ጋሻ የሌላቸው ናቸው ብለዋል። እንግዲያውስ ጋሻው ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር። ሊያስረሳኝ የሚችል ነገር በላቦራቶሪያችሁ ካለ ይንገሩኝ።

ዶክተር ስለሆኑ እውነቱን ይንገሩኝ። ቢሰማው ይተርፍ ነበር? ለእናት እንደሚነገረው ሳይሆን ለአዋቂ እንደሚነገረው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ለማለት አፈርኩ

—

ሰኔ 14

ለልጄ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አላበዛውም። ልጄ ነህ። ይህ በአንተ ፈቃድ የሚሻር አይደለም።

በመጀመሪያ የእኔን ልንገርህ። ዶክተር አይደለሁም። የአይጦቹን ሳጥን አጥባለሁ፣ ውሃቸውን እለውጣለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ። ነጩን ጋወን ያልለበሰ ወደዚያ ክፍል አይገባም፤ መጥረጊያ የያዘም ቢሆን። ፎቶግራፉን የላክሁት እናትህን ደስ እንዲላት ነበር። ትልቁ «የአንጎል ዶክተር ነዎት» ብሎ ሲጽፍልኝ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲህ ተብዬ አላውቅማ። አለቃዬ ለተመራማሪዎቹ ሲያስረዱ እኔ ከኋላ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነው የሰማሁት። የገባኝን ጻፍኩ፤ ያልገባኝንም እንደገባኝ አድርጌ ጻፍኩ። እሳቸው «ሊሆን ይችላል፤ ገና ነው፤ አይጥ ሰው አይደለም» ብለው ነበር። «ጋሻህ ደምህ ውስጥ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያች ቃል የእኔ ናት።

ማስጠንቀቂያዬን ደግሞ ከጀርባ አደረግኋት። ለምን? ምርቃቱን አስቀድሜ፣ ደስ አሰኝቼ፣ የሚያስከፋውን በመጨረሻ ጥግ ላይ ጠጋ ባደርገው አይቆጣኝም ብዬ።

የታኅሣሥ 20 ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ «በሰጡኝ ምክር ገብቻለሁ» ይላል። ያኔ ገባኝ። ወይ አልተነበበለትም፣ ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ስልኩን አንስቼ መጠየቅ ነበረብኝ። የላውንደሪውን ቁጥር ይዤዋለሁ። ሁለት ወር አሰብኩ። ብደውል «ለመሆኑ እርስዎ የምን ዶክተር ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ስለ ሻለቃ ጻፍኩላችሁ። ሻለቃም፣ ልጄ፣ ያኔ አልነበረም። ጥናቱ በጥር አልቆ ነበር። አንጎላቸው ተጠብቆ እንደሆነ የሚታወቀው ሲሞቱ ተከፍቶ ነው። ሳጥኑን አጥቤ የደፋሁት እኔ ነኝ።

ጥያቄህን ወስጄ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ከልደት የመጣ የልብ ጉድለት ከሆነ ያለ ሥራም ሊጥለው ይችል ነበር፤ ድካሙ አፍጥኖትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ ሆኖ የሚያውቅም የለም» አሉኝ። አየህ፣ የሚያውቁት አላውቅም አሉ፤ የማላውቀው እኔ ነኝ አውቃለሁ ያልኩት። ስለዚህ ይተርፍ ነበር አልልህም፤ አይተርፍም ነበርም አልልህም። ለአዋቂ እንደሚነገረው ይጻፉልኝ ብለሃል። ይኸው።

የሚያስረሳ ነገር ስላልከውም ጠየቅኋቸው። «በሩን የረሱትን አይጦች አይተሻቸዋል አይደል?» ብቻ አሉኝ። አይቻቸዋለሁ። አልተገላገሉም ልጄ። ጥጉ ላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ከዚያ ይቀመጣሉ። አንተ አልረሳህም፤ እንዳትረሳም አልመርቅህም፣ እንድትረሳም አልመርቅህም። እንድትወጣ ነው የምመርቅህ። አለማልቀስህን ለሳሙና ንገረው፤ ለብቻህ አትያዘው።

ያን ጀርባ ሁለታችን ነን የደበቅነው። ግማሹን ለእኔ ተውልኝ።

በነሐሴ እመጣለሁ። መጥረጊያዬን አሳይሃለሁ።

እትዬ ነኝ፤ አጣቢዋ

—

ጋሼ፣ ደብዳቤው የመጣው ትናንት ነው። ሳልተኩሰው፣ ከነጭምድዱ አነበብኩት። ከዚያ ለሳሙና ሰጠሁት። መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። የእኔንም አነበበ። የታኅሣሡንም ፊትና ጀርባ አገላብጦ አየ። ይቆጣኛል ብዬ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

«ያን ዕለት እዚያው ባልዲ ላይ ነበርኩ» አለኝ በመጨረሻ። «ጢሙ ላይ ስቀልድ ነበር።» ብርጭቆውን አጥቦ ደፋው።

ከዚያ «አሁን ቤትዎ ይሂዱ» አልኩት። ሦስት ወር ከልጆቹ ተለይቶ እዚህ ሲያድር ከርሟል። «ነገ ጠዋት ማን ይቀሰቅስሃል?» አለኝ። «እነሳለሁ» አልኩት። «ሸሚዝህንስ?» አለኝ። ሲወጣ ካውያውን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶልኝ ነው የሄደው።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ውሃ ጣድኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ካውያውን ሰካሁት። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ሞከርኩት፤ ጩኸቱ አንተ ስትሞክረው ካለው ይበልጥ ነበር፤ ቀነስኩት። ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ፊት፣ ከዚያ ጀርባ። ግራ እጅጌው ላይ ሁለት መስመር ሆነብኝ። ብታየው «ይሄ ሸሚዝ ባቡር ያልፍበታል?» ትል ነበር።

ከዚያ የታኅሣሡን ደብዳቤ አወጣሁ። መተኮስ አያስፈልገውም ነበር፤ አንተ ተኩሰኸዋል። ቢሆንም ካውያውን በፊቱ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፍኩት፤ ገለበጥኩት፤ በጀርባውም አሳለፍኩት።

«ጀርባው ላይ ምን አለ?» ብለኸኝ ነበር። ሰላምታ አይደለም ጋሼ። ቆሜ፣ አንተ እንደምትወደው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አልጋህን እያየሁ አነበብኩልህ፦

«ግን ልጄ፣ ጋሻው ለአንጎል ነው አሉ እንጂ ለቀረው ሰውነት ነው ያለ የለም፤ በሩን ያገኙትም አይጦች ሲመዘኑ ከስተው ነው የተገኙት።
የሆስፒታሉን ሥራ ተው፤ አትግባ፤ የትንሹ ክበብ ለከርሞ ይቆየው፣ እሱ ገና ብዙ ጊዜ አለው።
አንተ እንቅልፍህን ጠግበህ ተኛ፤ አደራ፣ ይህን ጀርባውን ሁለት ጊዜ አስነብበው።»

ሁለተኛም አነበብኩልህ።

ከዚያ ካውያውን ነቀልኩ፣ ገመዱን በክር አሰርኩ፣ መነቀሉን እንደ አንተ ተመልሼ በእጄ ዳብሼ አረጋገጥኩ። ሸሚዙን ለበስኩ። ጀርባው ገና ይሞቅ ነበር። በሩን ቆልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።